የስድስት ከረጢት ኩታ

በጥር ወር 1931 ዓ.ም.፣ ሰኞ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ አንድ ሽማግሌ ከስድስት የዱቄት ከረጢት፣ ከአንድ ሸሚዝ ጀርባና ከአንድ ወታደር የወገብ ድግ የተሠራ ኩታ ለብሰው ከመቐለ እስር ቤት ወጡ። ኩታውን ከሠሩት ሰዎች አንዱ ነኝ። ወሩ በገባ በስንት እንደ ነበር እርግጠኛ ስላልሆንኩ አልጽፈውም። ሰኞ መሆኑን ግን አውቃለሁ፤ የገበያው ጫጫታ እስከ ክፍላችን ይሰማ ነበር።

እኔ የተያዝኩት ከዚያ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። ከደሴ መጥቼ ገበያው ዳር ማመልከቻ እየጻፍኩ እኖር ነበር። ጥፋቴ ጣሊያን አንድ ቦታ ላይ ድል ተመታ የሚል ወረቀት በአምስት ቅጂ መገልበጥ ነው። ወሬው እውነት ይሁን ሐሰት ሳላጣራ መገልበጤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። መርማሪው ስለዚህ ምንም አላለም። የጠየቀኝ ቀለሙን ከየት እንደ ገዛሁ ብቻ ነበር።

ያስገቡኝ ድሮ የጨው መጋዘን የነበረ የድንጋይ ቤት ውስጥ ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ነጭ ግድግዳ ነበር። ኖራ የተቀባ መስሎኝ፣ ቢያንስ ንጹሕ ነው አልኩ በልቤ። ስደገፈው ጨው መሆኑን የተገረፈ ጀርባዬ ነገረኝ። የግመል ጭነት ሲራገፍበት የኖረ ድንጋይ ጨውን እስከ ውስጡ ጠጥቶ፣ ጧት ጧት ያልበዋል። ልብስ ይበላል። አንድ ጥቅም ግን ነበረው፤ ሾርባው አልጫ ሆኖ ሲመጣ ጣታችንን ግድግዳው ላይ አሸት አድርገን እንልስ ነበር።

አሥራ አንድ ሰዎች ነበርን። ሁላችንም አቦይ የምንላቸው ሽማግሌ ከከተማው የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቅ መንደር ዳኛ ነበሩ። ጠመንጃቸውን የደበቁበትን ቦታ አልናገርም ብለው ነው የታሰሩት። የቀራቸው ልብስ ሸሚዝና ሱሪ ብቻ ነበር። እኔ ከመግባቴ በፊት አንድ እስረኛ በተስቦ ሞቶ መገነዣ ሲጠፋ፣ ኩታቸውን አውልቀው ሰጥተዋል። ከዚያ ወዲህ በሩ በተከፈተ ቁጥር ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ።

ነገሩ የተጀመረው በአንድ እሑድ ነው። ዘበኛችን ከመረብ ማዶ የመጣ አስካሪ፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደር፣ ማዕረጉ ሙንታዝ፣ እኛ አስር አለቃ የምንለው ነበር። በሩን ከፍቶ፣ አቦይ በሚመጣው ሳምንት ሰኞ ችሎት እንደሚቀርቡ ነገራቸው። አቦይ ወደ ግድግዳው እንደ ዞሩ አልሄድም አሉ። ሙንታዙ የሰማ ሳይመስል ዘግቶ ሄደ።

ተጠርቶ ያልቀረበ ሰው እምቢተኛ ተብሎ ይጻፍና በካሚዮን ተጭኖ በባሕሩ ውስጥ ወዳለው የእስረኞች ደሴት ይላካል። ከዚያ የተመለሰ ሰው አላየንም። ይህን አቦይም ያውቃሉ። ችሎቱ የሚቀመጠው ግን ከገበያው ማዶ ነው፤ የመቐለ ገበያ ደግሞ ሰኞ ነው።

«አቦይ፣ ለጨርቅ ብለው ባሕር ሊገቡ ነው?» አላቸው ልብስ ሰፊው።

ልብስ ሰፊው ወሎዬ ነው። ገበያው አጠገብ አንድ የስፌት መኪና ነበረችው። የታሰረው አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ጨርቅ አንድ ላይ ሰፍተሃል ተብሎ ነው። የአልጋ ልብስ መስሎኝ ነበር ብሎ ሲከራከር ከርሟል።

«ወደይ፣ ልጄ፣ ሰኞ እኮ ነው» አሉት አቦይ። «ሃያ ዓመት ዳኝቻለሁ። እዚያ ገበያ ውስጥ የፈረድኩለትም የፈረድኩበትም ሰው አለ። የፈረድኩበትን በሸሚዝ ወጥቼ አላስደስተውም።»

ልብስ ሰፊው ጥቂት አሰበና፣ እንግዲያው እንሰፋለን አለ። በምን ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሁላችንም የተኛንበትን አየን። ለመኝታ የተሰጠን ለየራሳችን አንድ አንድ ባዶ የዱቄት ከረጢት ነበር፤ ሻካራ ቢሆንም ጥጥ ነው። ስድስት ሰዎች ከረጢታቸውን ሰጡ። እኔ አንዱ ነኝ፤ ግን መጀመሪያ የሰጠሁት እኔ አልነበርኩም።

ክሩ አላስቸገረም። የከረጢቱ ስፌት ጫፉ ከተገኘ አንዴ ሲሳብ እስከ መጨረሻው ይተረተራል። ለመርፌ የሰርዲን ቆርቆሮ መክፈቻ አገኘን። ጫፉ ላይ ቀዳዳ ያለው ሽቦ ነው፤ አቃንተን ድንጋይ ላይ ግማሽ ቀን ሳልነው። ወፍራም ስለሆነ የሚተወው ቀዳዳ ምስር ያሳልፋል። መቀሳችን ያው የቆርቆሮው ክዳን ነበር።

የከፋው ችግር የባለሙያው ነበር። ልብስ ሰፊው ዕድሜውን ሙሉ የሰፋው በመኪና ነው። መርፌውን ይዞ ሲቀመጥ ቀኝ እግሩ መሬቱን መርገጥ ጀመረ።

«እግርህን ምን ነካው?» አሉት አቦይ።

«ባለሙያው እሱ ነው፣ አቦይ። እጄ የሚሄደው እሱን ተከትሎ ነው።»

ሁለት ሰዎች እግሩን ያዙለት። ስፌቱ ተጣመመ። ለቀቁት፤ ተቃና። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ድንጋዩን ሲረግጥ ዋለ፤ ማንም አልተናገረውም። የእኔ ሥራ መለካትና መመዝገብ ነበር። በስንዝር እየለካሁ ግድግዳው ላይ በጥፍሬ እጽፋለሁ፤ ጧት ሲያልበው ይጠፋል፤ እንደገና እለካለሁ።

አቦይ መጀመሪያ ዝም ብለው ያዩ ነበር። ጨርቁ ኩታ ኩታ ማለት ሲጀምር ግን ደንበኛ ሆኑ። ደንበኛ ከሆኑ በኋላ ሰላም አልሰጡንም። በየከረጢቱ ላይ ሰማያዊ ዶሮ ታትሞበታል። በአመድ አሽተን ብናጥበው ዶሮው ፈዘዘ እንጂ አልሄደም። አቦይ የጣሊያን ዶሮ ተሸክሜ ገበያ አልገባም አሉ። ልብስ ሰፊው ኩታ ድርብ ስለሆነ ዶሮዎቹን ሁሉ ወደ ውስጥ፣ ፊት ለፊት አጋጥሞ ሰፋቸው። ደግሞ ወርዱ አንድ ስንዝር አነሰ። ሌላ ከረጢት የሚሰጥ ስላልነበረ ልብስ ሰፊው የራሱን ሸሚዝ አውልቆ ጀርባውን ቀደደው። ሸሚዙን መልሶ ሲለብሰው ከፊት ጨዋ፣ ከኋላ ራቁቱን ሆነ።

ረቡዕ ቀን ጨረስን። አቦይ ኩታውን አገላብጠው አዩት፣ ጫፉን ዳሰሱት፣ አጥፈው አጠገባቸው አስቀመጡት።

«ጥለት የለውም» አሉ።

ልብስ ሰፊው እስር ቤት መሆናችንን በትሕትና አስታወሳቸው።

«ጥለት የሌለው ነጭ ጨርቅ መግነዝ ነው። አንዱን መግነዝ ሰጥቻለሁ። ሁለተኛውን ቆሜ አልለብስም።»

የልብስ ሰፊው እግር ለአንድ አፍታ ቆመ።

እስር ቤቱ ውስጥ ቀለም ያለው ክር አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ እሱም በሙንታዙ ወገብ ላይ። የጦሩ ምልክት የሆነ ቀይ ድግ አራት ዙር ይታጠቃል፤ ትርፉ ከጉልበቱ ይደርሳል። በጣም ይኮራበት ነበር። በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ራሱ ወደ ልብስ ሰፊው መጣ። የድጉ ጫፍ ተተርትሯል፤ በማግስቱ ሰልፍ አለ፤ ከፍፈህ መልስልኝ አለው። ልብስ ሰፊው አንድ ክንድ ያህል ቆርጦ ቀሪውን ከፈፈው።

እኛ ክሩን እየመዘዝን በአንዱ የኩታ ጫፍ ሦስት መስመር ሰፋን። ለሌላው ጫፍ አልበቃም። በዚህ ጊዜ የልብስ ሰፊው ሥራ መጥፎነት ጠቀመን፤ የሰፋው ክፈፍ በሁለተኛው ቀን ተፈታ። ሙንታዙ እየተቆጣ አርብ ዕለት ድጉን መልሶ አመጣው። ሌላ አንድ ክንድ ሄደ።

ቅዳሜ ጧት ሙንታዙ በሩ ላይ ቆሞ ድጉን ሲጠመጥም አየነው። ሦስተኛው ዙር ላይ ጨርቁ አለቀ። ፈታው፣ ትንፋሹን ሳበ፣ እንደገና ጠመጠመ። ከዚያ ሆዱን ዳሰሰ።

«አንተ» አለው ልብስ ሰፊውን፣ «ወፍሬያለሁ?»

ልብስ ሰፊው ተነሥቶ በክር ወገቡን ለካው፤ ፊቱ ላይ አንድ ነገር አይታይም። ወላሂ ትንሽ ጨምረሃል አለው። ሙንታዙ ወደ እኔ ዞረ፤ የተማርኩ ስለምመስለው አንዳንዴ ያማክረኝ ነበር። እኔ መዋሸት አልወድም። ከዚህ በፊት የተለካ ስለሌለ ምንም ማለት አልችልም አልኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙንታዙ ምግብ ቀነሰ። ወታደሮቹ በጋለ ድንጋይ ዙሪያ የሚጋግሩት ቡርኩታ የሚባል ቂጣ አላቸው። የራሱን ግማሽ እየበላ ግማሹን ወደ እኛ ይጥላል። ባየው እበላዋለሁ፣ ውሰዱልኝ ይላል። ወሰድንለት። እዚያ ከገባሁ ጀምሮ ጠግቤ የዋልኩት በእነዚያ ሁለት ቀናት ነው። አቦይ ብቻ ድርሻቸውን ሲቀበሉ፣ ይህ ልጅ ያሳዝነኛል ይሉ ነበር፤ ግን ይቀበላሉ።

ሰኞ ሦስት ሰዓት ላይ ሙንታዙ በሩን ከፈተ። አቦይ ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ቆመዋል። ኩታውን በትከሻቸው ጥለውታል፤ ቀዩ ጥለት በግራ በኩል ወርዷል። የመርፌው ቀዳዳ ሁሉ የታየኝ ያን ጊዜ ነው።

ሙንታዙ ጥለቱን አየ። ድጉን አየ። መልሶ ጥለቱን አየ። እሱ ቢናገር አቦይ ብቻ ሳይሆኑ አሥራ አንዳችንም ካሚዮኑ ላይ ነን። የልብስ ሰፊው እግር መርገጥ ጀመረ።

«ስንት ክንድ ነው?» አለ ሙንታዙ።

«ሁለት» አልኩ። ልክ ሲጠየቅ የምመልሰው እኔ ነበርኩ።

ጣቱን እያጠፈ አሰበ።

«እንግዲያው አልወፈርኩም።»

«አልወፈርክም፣ ሙንታዝ» አለ ልብስ ሰፊው።

«ሁለት ቀን ተርቤያለሁ።»

«እናውቃለን፤ ቡርኩታው ጣፋጭ ነበር።»

ሙንታዙ ፊቱን አኮሳተረ። ለአለቃው ሊያመለክት ይችል ነበር። እንደ ገባኝ የቸገረው አነጋገሩ ነው፤ እስረኞች ድጌን ሁለት ጊዜ ቆረጡ፣ ሁለቱንም ጊዜ ያመጣሁላቸው እኔ ነኝ ማለት ሊኖርበት ነው። የአቦይን ኩታ ከትከሻቸው ላይ አስተካከለላቸው።

«በዚህ በኩል ጠማማ ነው» አለው ልብስ ሰፊውን።

«እግሬን ይዘውኝ ነው» አለ ልብስ ሰፊው።

ወጡ። እኛ ጆሯችንን በሩ ላይ አድርገን ዋልን፤ ከገበያው ድምፅ በቀር የሰማነው የለም።

ሰባት ሰዓት ግድም ሙንታዙ ብቻውን ተመለሰ። ኩታው ታጥፎ ክንዱ ላይ ነበር። ልብስ ሰፊው ተነሣና መልሶ ተቀመጠ።

«ተለቀቁ» አለ ሙንታዙ። «ዋስ ጠርተው ተለቀቁ።»

ለምን እንደ ለቀቋቸው አላወቅኩም። ሙንታዙ ከኩታው የተነሣ ነው ብሎ ያምናል፤ እሳቸው ሲገቡ መኰንኑ ወንበር አሰጥቷቸዋል አለ። ይህን የሚያረጋግጥ ሌላ ምስክር የለኝም።

ኩታውን ለምን እንደ መለሰው ጠየቅኩት። ከችሎቱ ደጅ ላይ አውልቀው ሰጡኝ አለ። የልብስ ሰፊው ቀን የሚቀጥለው ሰኞ መሆኑን ያውቃሉ፤ ሸሚዙ ጀርባ እንደሌለውም ያውቃሉ። ሙንታዙ መጀመሪያ መንደርዎ ይድረሱና ይላኩት ብሏቸው ነበር።

«ምን አሉ?» አለ ልብስ ሰፊው።

«የክፍሉ ነው አሉ።»

«መንገዳቸውስ? በየት ሄዱ?»

«በገበያው ነዋ» አለ ሙንታዙ። «ሌላ መንገድ የለም።»

ልብስ ሰፊው ኩታውን ተቀበለውና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። ሰኞ ሲደርስ ለብሶት ሄደ። በመንገድ ላይ ሁለት ሰዎች ማን እንደ ሰፋለት ጠይቀውት፣ የሱቁን አቅጣጫ ነግሯቸው ተመለሰ። ከእሱ በኋላ እኔ ለበስኩት። ይከብዳል፤ ሲራመዱበት ውስጡ ያሉት ዶሮዎች ይንኮሻኮሻሉ። በወጣሁ ጊዜ አጥፌ ለክፍሉ እንዲመልሰው ለሙንታዙ ሰጠሁት።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ጋዜጣ ላይ ስሠራ ለሌላ ጉዳይ ወደ መቐለ ተላክሁ። ሥራዬን ጨርሼ ሁለት ቀን ተረፈኝ፤ ገበያ ገባሁ። ዕድሜዬ አሁን አቦይ በዚያን ጊዜ ወደ ነበሩበት ደርሷል፤ ሰው ሁሉ ለምን ያንን ሰኞ እንደማጣራ ይጠይቀኛል። ያኔም የጠየቁኝ ነበሩ። የምመልሰው አንድ ነው፤ ሳላጣራ የገለበጥኩት አንድ ወረቀት ይበቃኛል።

አቦይን አላገኘኋቸውም፤ አርፈዋል አሉኝ። በዚያ ሰኞ ገበያ ውስጥ ነበሩ የተባሉ ሦስት ሰዎች አገኘሁ። አንዱ ምንም አያስታውስም። ሁለተኛዋ ጨው የምትሸጥ ሴት ናት። አንድ ሽማግሌ ዳኛ በሸሚዝ ብቻ፣ ቀስ እያሉ፣ ለግራና ለቀኙ ሰላምታ እየሰጡ ሲያልፉ አይታለች። ከዓመታት በፊት በመሬት ጉዳይ በባሏ ላይ የፈረዱት እሳቸው ነበሩ።

ምን እንዳደረገች ጠየቅኳት። ተነሣሁ አለች፤ አጠገቤ ያለችውም ተነሣች።

ሦስተኛዋን፣ አጠገቧ የነበረችውን ሴት፣ በማግስቱ ቤቷ ሄጄ ለብቻዋ ጠየቅኳት። ሁለቱም መነሣታቸውን ነገረችኝ።