የቀለበቴ ጥቁር ፈርጥ

እጮኛዬ የሥነ ምድር ተማሪ ስለነበር ለቀለበቴ የሱቅ ፈርጥ አልገዛም። እረፍት ባገኘ ቁጥር ከሜልበርን ወጥቶ ወንዝ ዳር አሸዋ ሲነፋ ከርሞ አንድ ጥላሸት የመሰለ ድንጋይ አገኘ። እሱን አስቆርጦና አስወልውሎ ቀለበቱ ላይ አሰካልኝ። እኔ ወደድኩት። ጣጣው የመጣው ሰንሻይን በሚባለው የሜልበርን ሰፈር አብሬያት የምኖረው አክስቴ ስታየው ነው።

ለአክስቴ ጥቁር ድንጋይ ከጠንቋይ ቤት እንጂ ከሌላ አይመጣም። እጮኝነታችን እሑድ በቤተ ክርስቲያን ለጉባኤው ሊነገር፣ ቅዳሜ የጸሎት ጓደኞቿን ጠራች። ሴቶቹ ቀለበቱን አስወልቀው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡትና የድንጋዩን ስም ጠየቁ፤ ክፉ ነገር ካለበት በስሙ ጠርተው ሊገሥጹት። ይህ ሳይጣራ ነገ የሚነገር ነገር የለም ተባልን።

ዝም አይነቅዝም የሚባለውን እጮኛዬ አልሰማም። ፕሊዮናስት ይባላል ብሎ ጀመረ። ስፒኔል ከሚባለው ማዕድን ጥቁሩ ዓይነት ነው፤ ያጠቆረው ብረት ነው፤ ስሙ ግሪክኛ ሆኖ የተትረፈረፈ ማለት ነው፣ ክሪስታሉ ብዙ ገጽ ሊኖረው ስለሚችል። ይህ አልበቃው ብሎ፣ በስሪላንካ የድሮ ስም፣ በሲሎን፣ ሰይመው ሲሎናይት የሚሉትም አሉ ሲል ጨመረ። ሴቶቹ ተያዩ። አንደኛዋ ስሙን የሚለዋውጥ ነገር ደግ አይደለም ብላ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ በኋላ ያቺን ጠጠር አንዴ በዚህኛው፣ አንዴ በዚያኛው ስሟ ሲገሥጿት እኔ በንዴት ልፈነዳ ደረስኩ። ድንጋዩን ወደድሽው ወይ ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሰው አልነበረም።

በመጨረሻ አክስቴ፣ ነገሩ ሁሉ ይቅርና በነጭ ይቀየር አለች።

"እሺ እትዬ፣ እንዳሉ" አለ እጮኛዬ አንገቱን ደፍቶ።

ደሜ ፈላ። በገዛ እጁ ፈልጎ ያገኘውን፣ ስለ ስሙ እንደዚያ ሲተነትን የቆየውን ድንጋይ በአንድ እሺ አስረከበው።

"ነገ እኔንም አትሆንህም ቢሉህ፣ እሺ እትዬ ልትል ነው?" አልኩት በሰው ፊት።

እሱ ቀለበቱን አንስቶ ጣቴ ላይ መለሰው። "እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አይቀየርም" አላት። አክስቴ ተቆጥታ ወደ ማድ ቤት ገባች። በማግስቱ ግን ከሁሉ ቀድማ ለቤተ ክርስቲያን ለብሳ በር ላይ ስትጠብቀን አገኘናት።

እኔ ደስ ብሎኝም ተናድጄ ነበር። ያቺን "አይቀየርም" ከአፉ ለማውጣት ትዳር ከያዝንም በኋላ ስንት ጊዜ መቆጣት እንዳለብኝ ያን ቀን አላወቅሁም።