ከሐይቁ ሥር ያለው የደጃፍ ድንጋይ

ጉድቫይግ ኔስሄም ሃያ ዓመት ሙሉ የኖረችው የሰው ቃል እያሻገረች ነው። ለኔስዳል የኃይል ማመንጫ ተርባይን ወይም የግድብ በር ከውጭ ሲገዛ መመሪያው በእንግሊዝኛ ይመጣል። እሷ ማድ ቤት ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ፣ መነጽሯን በክር አንጠልጥላ፣ ወደ ኖርዌይኛ ትመልሰዋለች። እንግሊዞች ውኃው ከላይ እስከ ታች የሚወርድበትን ከፍታ «ራስ» ይሉታል። ድሮ እንዲህ ያለ ነገር ስታገኝ ለእናቷ ለኦስቢዮርግ ደውላ ትነግራትና አብረው ይስቁ ነበር።

ኦስቢዮርግ ኅዳር ላይ ሞተች። ጉድቫይግ አላለቀሰችም። በቀብሩ ዕለት ዳቦ ቆረጠች፣ ሳህን አጠበች፣ በማግስቱ ሥራዋ ላይ ተቀመጠች። ሰው «ጠንካራ ናት» አለ። ጠንካራ እንኳ አልነበረችም። ጥርስ ሐኪም በመርፌ ያደነዘዘው ጉንጭ እንዴት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፤ ሁለመናዋ እንደዚያ ነበር።

እሷና ወንድሟ ልጆች ሳሉ የኖሩበት ቤት ግድቡ ሲሠራ ከሐይቁ ሥር ቀርቷል። እንጨቱን አፍርሰው ወሰዱት፤ የቀረው የመሠረቱ ካብና ከደጃፉ ፊት የተነጠፈው ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። እናታቸው ስለ መቃብሯ ስታነሣ፣ «የተወለወለ ድንጋይ አታቁሙብኝ፤ የደጃፌን ድንጋይ ብታመጡልኝ ግን ደስ ይለኛል» ትል ነበር። ልጆቿም ይስቁባታል፤ ሐይቁ እዚያ ድረስ ጎድሎ አያውቅማ። በዚህ ዓመት ሚያዝያ ላይ ግን የግድቡ የታችኛው በር አርጅቶ ሊለወጥ ስለሆነ፣ ውኃው እስከ ሥሩ ተለቀቀ።

እሑድ ዕለት ታላቅ ወንድሟ ሹር ደወለ። ከማመንጫው ጡረታ ከወጣ ቆይቷል።

«አስተርጓሚዋ! ድንጋዩን አየሁት። ንጽሕናው! ዓሣዎቹ ጫማቸውን እያወለቁ ሳይረግጡት አልቀሩም።»

«ዓሣ እግር የለውም፣ ሹር።»

«ለዚህ ነዋ ንጹሕ የሆነው! ስሚ፣ ለብቻዬ አልችለውም፤ ወገቤን ታውቂዋለሽ። ድንጋዩን ጭነን የምንጎትትበትን የሸርተቴ ገመድ የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

«ጎረቤትህስ?»

«የእናቴን ደጃፍ ጎረቤት አይጎትተውም። ነገ ነዪ።»

«አርብ የማስረክበው ሥራ አለብኝ። ቅዳሜ ልምጣ።»

«እንግዲያው ቅዳሜ። ሱቁ በር ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ውኃው እስከ ወሩ መጨረሻ እንደጎደለ ይቆያል ይላል። እንዳትቀሪ ብቻ፤ የግድቡ በር አንዴ ከተዘጋ፣ እኔም አንቺም ድንጋዩን ዳግመኛ አናየውም።»

«አልቀርም። ስልኩን ሳትዘጋው፣ ውኃው ወደ ተርባይኑ ዋሻ ከመግባቱ በፊት ቅርንጫፍ የሚይዘውን የብረት ፍርግርግ ምን ነበር የምትሉት?»

«ቫረግሪን። እንግሊዞቹስ?»

«የቆሻሻ መደርደሪያ።»

«አንድ ጊዜ የሞተ አጋዘን ደርድሮልናል፤ አልዋሹም» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ሰኞ ከአዲሱ የግድብ በር ሻጮች አንድ ተጨማሪ ገጽ መጣላት። ሥራው ከታሰበው ቀድሞ አልቋል፤ በሩ ረቡዕ ጠዋት ይዘጋል፤ ሐይቁ ወዲያው መሞላት ይጀምራል ይላል። ጉድቫይግ እዚህ ላይ ብዙ ቆየች። ለ«መሞላት» ሁለት ቃል መጣላት። አንዱ ለባልዲም ለሐይቅም ይሆናል፤ ሌላውን የሚሉት የግድብ ሰዎች ብቻ ናቸው። የእርሳሷን ጫፍ እየነከሰች አሰበችና ሁለተኛውን መረጠች። ገጹን ለማመንጫው ጽሕፈት ቤት ላከች። ድንች ቀቀለች፣ በጨው ከደረቀ ዓሣ ጋር በላች።

ቀኑን አይታዋለች፣ በትክክልም ጽፋዋለች። ግን እንደ ሌላው ቃል ሁሉ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ተሻገረ እንጂ ወደ እሷ አልገባም። ጽሕፈት ቤቱም ገጹን በገዛ በሩ ላይ ለጠፈው፤ የሱቁን ማስታወቂያ የለወጠው ሰው አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት ወንድምና እህት ሸርተቴውን ይዘው ከመንገድ ወደ ሐይቁ ወረዱ። ሹር ከፊት ነበር። ድንገት ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

የበረዶው ውኃ ከየተራራው ወርዶ ገብቷል። ከመሠረቱ ካብ ጫፉ ብቻ ይታያል፤ ድንጋዩ ከውኃው በታች ነው። ጥልቅ አይመስልም ነበር። ሹር ቦቲውን አምኖ ገባ። ጥቂት እንደሄደ ጭቃው እስከ ጉልበቱ ዋጠው፤ ጉድቫይግ ገመዱን ወርውራ ጎትታ አወጣችው።

«እስከ ወሩ መጨረሻ አላሉም እንዴ?» አለ እያለከለከ። «ሰው እኮ ይነገረዋል!»

«ተናግረዋል።»

«ለማን?»

«ለእኔ። ሰኞ ዕለት። የተረጎምኩት እኔ ነኝ።»

ሹር ሸርተቴው ላይ ተቀመጠ። ቦቲውን አውልቆ ውኃውን ደፋ። ካልሲውን ጨመቀ፣ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን።

«እና አልነገርሽኝም።»

«ጻፍኩት እንጂ አላወቅኩትም፣ ሹር።»

ይጮኽብኛል ብላ ጠበቀች። ልጅ ሳለ ጯሂ ነበር። እሱ ግን ውኃውን ያይ ነበር። ውኃው፣ እያሳሳቀ ይወስዳል እንደሚባለው፣ ምንም ሳይናወጥ፣ የካቡን አንድ ድንጋይ ሸፈነ።

«ኖርዌይኛውስ ጥሩ ነበር?» አላት በመጨረሻ።

«ጥሩ ነበር።»

«ያንቺማ መቼም ጥሩ ነው።»

ከኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ ስስ ቂጣ አወጣ፤ ውስጡ ጣፋጭ ቡናማ አይብ አለበት። ቆርሶ ሰጣት። ጎን ለጎን ተቀምጠው በሉ። ጉድቫይግ አሁን እንባዬ ይመጣ ይሆናል ብላ ጠበቀች፤ የተሰማት ግን የእግሯ ብርድና የአይቡ ጣፋጭነት ብቻ ነበር።

«እንግዲህ መቃብሯ ላይ ያለው የእንጨት መስቀል ይቆያል» አለ ሹር። «ክረምቱ ልጦታል። ቀለም ይፈልጋል።»

«ነጭ ቀለም ቤት አለኝ።»

«ብሩሽስ?»

«ብሩሽም አለኝ።»

ባዶውን ሸርተቴ ይዘው ዳገቱን ወጡ። ሹር እርጥብ ቦቲው እያንሿጨበት ገመዱን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ፤ አልሰጠችውም። ሸርተቴው ምንም አይከብድም ነበር። የረጠበው ገመድ ጓንቷ ውስጥ በብርዱ ደርቆ ግትር አለ፤ መኪናው ጋ እስኪደርሱ ግን አልለቀቀችውም።