የሬኒየር ቢቹ ኮሚሳር

ፍቅረ ሥላሴ ጀርመን አገር ብየዳ ተምሮ፣ ሲያትል አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ከመኪና ማቆሚያ መንገደኛ የሚያመላልስ ሚኒባስ የሚነዳ ሰው ነው። ከላይፕዚግ ይዞት የመጣው ዲፕሎማ አንድም ቀን እንጀራ አላበላውም፤ ቋንቋው ግን ለአንድ ነገር ጠቅሞታል። ከቤተ መጻሕፍት እየተዋሰ የጀርመን የወንጀል ፊልም ያለ ትርጉም ያያል። ሬኒየር ቢች ባለው አፓርታማው ሶፋ ላይ ተጋድሞ፣ ከሬሳው በፊት ወደቡን፣ ጉሙን፣ የድንጋይ ከሰል ማውጫውን ሰፈር ሲያሳዩት ደስ ይለዋል። የአሜሪካኖቹ ፊልም የትም ቢቀረጽ ያው ነው ይላል፤ ጀርመኖቹ ግን ጭቃውን ሳያሳዩህ ጫማውን አያሳዩህም። ሰውየውን ትተህ ቦታውን እይ፣ ምን እንደተነካና ምን እንደጎደለ ቦታው ራሱ ይነግርሃል እያለ ያስተምራል። ማን እንደጠየቀው እንጃ።

ችግሩ ገዳዩን አንድም ቀን አግኝቶ አለማወቁ ነው። ፊልሙን መሐል ላይ አቁሞ ለሚስቱ ለምሥራቅ ወንጀለኛውን ይጠቁማታል፤ የጠቆመው ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ቀጥሎ የሚገደለው ሆኖ ይገኛል። በፊልሞቹ መርማሪ ፖሊስ ማዕረግ ኮሚሳር የሚል ስም ያወጣችለት በዚህ ነው። እሱ ስሙን የምር ወዶታል።

በፈረንጆቹ 2014 ጥቅምት ላይ ነው ነገሩ የሆነው። እሁድ እሁድ አዲስ አበባ ላለችው ታላቅ እህቱ ለሣህሊቱ ይደውላል። እናታቸው በልጅነቱ ስለሞተች ያሳደገችው እሷ ናት፤ ካመማት ወዲህ ድምፅዋን ሳይሰማ ሳምንቱን መጀመር አይሆንለትም። ለጥምቀት ሄዶ ሊያያት ቲኬት ቆርጧል። በዚያ እሁድ ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ዝም አለ። ምሥራቅ ፊቷን ሳታዞር የኔትወርክ ችግር ይሆናል አለችው። ኮሚሳሩም ምርመራውን እዚያው ላይ ዘጋ።

ከሰኞ ጀምሮ የቤቱ ሁኔታ ተለወጠ። ምሥራቅ ስልክ ስታወራ መታጠቢያ ቤት ገብታ ቧንቧ መክፈት ጀመረች። ቡሪየን የምትኖረው ልጁ ሳሌም በሥራ ቀን መጥታ አቀፈችው፣ ለመልቀቅም ዘገየች። ምን ሆንሽ ሲላት፣ "ነሲንግ ዳድ፣ አይ ጀስት ሚስድ ዩ" አለችው። ሥራ ቦታ ደግሞ አለቃው፣ ኢሳይያስ የሚባል ጓደኛህ ቅዳሜ ትሠራ እንደሆነ ደውሎ ጠየቀኝ አለው። ሐሙስ የምሥራቅን መኪና ኋላ ሲከፍት የቤተ ክርስቲያኑ ታጣፊ ወንበሮች ተደርድረው አገኘ።

ይህን ሁሉ ያየ አበሻ ነጋሪ አያስፈልገውም። እዚህ አገር መርዶ እንኳ የሥራ ፈረቃ ታይቶ ነው የሚነገረው፤ ሰዉ የዕረፍት ቀኑን ጠብቆ፣ ወንበርና ምግብ አሰናድቶ፣ ሐዘንተኛው ከአልጋው ሳይወርድ ማልዶ ይደርስበታል። ፍቅረ ሥላሴ ራሱ የስንቱን ቤት በር እንዲህ አንኳኩቷል። አሁን ግን ማስረጃውን ገጣጥሞ የደረሰበት ሌላ ነበር። እሁድ ስድሳ ዓመት ይሞላዋል። ቅዳሜ ሰርፕራይዝ ሊያደርጉት ነው!

በብልጠቱ ኮራ። ዓርብ ፀጉሩን ተቆረጠ፣ ሱፉን አስተኮሰ፣ መስታወት ፊት ቆሞም መደንገጥ ተለማመደ። አፉን ከፍቶ ሲሞክረው ጥርሱን የታመመ መሰለ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሞከረውና አምቡላንስ ይጠሩብኛል ብሎ ተወው። በመጨረሻ ቅንድቡን ብቻ ለማንሳት ወሰነ። ምሥራቅ በበሩ ክፍተት ስታየው ቆይታ ወደ ኩሽና ተመለሰች።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ሱፉን ለብሶ ከመኝታ ቤቱ መስኮት ቁልቁል ተመለከተ። መኪኖች መብራታቸውን አጥፍተው ቆመዋል፤ ሰዎችም በዝናቡ ውስጥ ወርደው ተሰባስበዋል። ለልደት በዚህ ሰዓት መምጣታቸው ትንሽ ከነከነው፣ እንዳላመልጣቸው ነው ብሎ ራሱን አሳመነ። ኬክ የያዘ ሰው ፈልጎ አጣ። ከፊት ያሉት ጋሽ ገመዳ ናቸው፤ የዕድሩ ሽማግሌ፣ ለመርዶ ሁልጊዜ ቀድመው የሚገቡት።

ሳሎኑን በጨለማ አቋርጦ፣ ሳያንኳኩ በሩን ከፈተና ቅንድቡን አነሳ። የሳቀ ሰው የለም። ጋሽ ገመዳ ባርኔጣቸውን አውልቀው ሱፉን፣ ከረባቱን፣ አዲስ የተቆረጠውን ፀጉር አዩ። ከኋላው መብራት በራ። ዞር ሲል ሶፋው ወደ ግድግዳ ተገፍቷል፣ መሬት ላይ ፍራሽ ተነጥፏል፣ ቴሌቪዥኑ በነጠላ ተሸፍኗል። ምሥራቅ ማብሪያውን እንደያዘች ቆማ ታለቅሳለች።

"እትዬ ናት?" አለ።

"በርታ፣ ልጄ" አሉት ጋሽ ገመዳ። "ያለፈው እሁድ ነው ያረፉት።"

በሱፉ እንዳለ ፍራሹ ላይ ወድቆ እንደ ሕፃን አለቀሰ። የጥምቀቱ ቲኬት ትዝ ሲለው ደግሞ እንደገና ጀመረው።

በሦስተኛው ቀን ካርታ ወጥቶ ሐዘንተኛውን ማጫወት ሲጀመር፣ የመስታወቱን ነገር ራሱ አወራላቸው። ቅንድቡን አንስቶም አሳያቸው። ለቅሶ ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ ጋሽ ገመዳ እንኳ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ሳቁ በረድ ሲል ኢሳይያስ ወደ እሱ ጠጋ አለ።

"ሶ፣ ያን ሁሉ ነገር አይተህ አንዴ እንኳ አልጠረጠርክም?"

ፍቅረ ሥላሴ ካርታውን አጥፎ መሬት ላይ አስቀመጠው።

"እሁድ ለት ነው ያወቅኩት" አለ። "ስልኩን ሳታነሳ ስትቀር።"

"ታዲያ ልደቱን ከየት አመጣኸው?"

"ሌላ ተጠርጣሪ ስፈልግ ነበራ።"