አራጌ ያልሰማው መልእክት

አራጌ መካነ ሰላም ውስጥ ከገበያው ዝቅ ብሎ ባለ ወፍጮ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ሠርቷል። የናፍጣ ሞተሩን የሚያስነሳው እሱ፣ ድንጋዩን የሚወቅረው እሱ፣ እህል ተሸክመው የመጡትን ሴቶች ተራ የሚያስይዘውም እሱ ነበር። ዱቄቱን በሁለት ጣቱ አሽቶ ካልጣመው፣ የእህሉ ባለቤት "ይበቃኛል ጋሼ" ብትለውም መልሶ ይፈጭላታል። ከተማው ግን ይበልጥ የሚያውቀው በጆሮው ነው። ሚኒባስ ሲያልፍ ከመስኮቱ ያመለጠች ቁራጭ ዜማ ይዞ "ባቲ ናት፤ ክራሩ ግን ትንሽ ላልቷል" የሚል ሰው ነበር።

ዓርብ ከሰዓት ወፍጮው ይቀዘቅዛል። ልብስ ሰፊው ጀብሪል ጁምዓ ሰግዶ ሲመለስ ሱቁን ሳይከፍት በቀጥታ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ወዳለው የበዛች ሻይ ቤት ይገባል። አራጌም ቱታውን አራግፎ ይከተለዋል። በዛች ከኩታበር ተድራ የመጣች፣ ሳቅ የማይቀናት ሴት ናት፤ የዓርቡ ክርክር ዳኛ እሷ ነበረች። በየሳምንቱ አንድ ጉዳይ ይመረጣል፦ ዝናብ፣ ደብዳቤ፣ ሠርግ፣ መንገድ። ሁለቱ ሰዎች በዚያ ጉዳይ ከተዘፈነው ሁሉ ይበልጣል የሚሉትን አንድ አንድ ዘፈን ያመጣሉ። አንዴ ይደመጣል፤ ከዚያ ክርክሩ ይጀመራል። በዛች ያወጣችው ሕግ አንድ ነው፤ "ደስ ስለሚለኝ" ማለት ምክንያት አይሆንም። ዘፈኑ ውስጥ የቱ ጋ፣ በየትኛው ቃል፣ በየትኛው ትንፋሽ እንደሆነ ማሳየት ያስፈልጋል።

አንድ ጊዜ ጉዳዩ "መጠበቅ" ሆኖ ጀብሪል መንዙማ ይዞ መጣ።

"ይሄማ ዘፈን አይደለም" አለ አራጌ።

"ዘፈን ነው መች አልኩ? መጠበቅ ነው ወይስ አይደለም?"

አራጌ ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው አዳመጠ። "ድቤው ቸኩሏል" አለ። "የሚጠብቅ ሰው እንዲህ አይቸኩልም።"

"የሚጠብቀውን ያወቀ ሰው ይቸኩላል።"

በዛች ለጀብሪል ፈረደች። አራጌ ሁለት ሳምንት አኩርፎ ቆየና በሦስተኛው ዓርብ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ "መልሼ ሳስበው እውነት አለህ" አለው።

ልጁ የኔአለም ያደገችው እዚያ ክርክር መሃል ነው። እናቷ ብርሀንነሽ ታማ ስትሞት አሥር ዓመቷ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት የምትመለሰው ወደ ወፍጮ ቤቱ ነው፤ ዓርብ ዓርብ ደግሞ ሻይ ቤቱ ጥግ ደብተሯን ዘርግታ ትቀመጣለች። አንድ ቀን፣ አሥራ ሁለት ሲሞላት፣ "እኔም ዘፈን አለኝ" አለች። ስልክ ስላልነበራት በአፏ ዘፈነችው። ስትጨርስ ጀብሪል ሊያሰማ ያዘጋጀውን ዘፈን ተወው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ተከራካሪዎቹ ሦስት ሆኑ።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ሳይመጣላት ሲቀር አንድ ዓመት ቤት ተቀመጠች። ከዚያ እንደ ብዙዎቹ የአገሩ ልጆች ፓስፖርት አወጣች፤ በኤጀንሲ በኩል የሁለት ዓመት ኮንትራት ፈርማ ሪያድ ገባች። አራጌ እስከ ደሴ ሸኛት። መናኸሪያው ውስጥ አንገቱን አቅፋ "ዓርብን እንዳታስቀሩብኝ" ነበር ያለችው።

አላስቀሩባትም። የሳምንቱን ጉዳይ ማክሰኞ ይልኩላታል። እሷም የምትሠራበት ቤት ሰዎች ሲተኙ ወይም ሲወጡ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ሆና፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ የመረጠችውን ዘፈን ራሷ ዘፍና በድምፅ መልእክት ትልካለች። በዛች ድምፁ እንዲጎላ ስልኩን ባዶ ብርጭቆ ውስጥ ታቆመዋለች። አንዳንዴ ከዘፈኑ በስተኋላ ሳህን ሲጋጭ ይሰማል።

የአራጌ ጆሮ መቼ እንደጀመረው ራሱም በትክክል አያውቅም። መጀመሪያ የጠፋው ዋሽንት ነው። ከዚያ የማሲንቆው ቀጭን ጫፍ። ከዚያ ቃላት። የሰው ድምፅ እንደ ሩቅ ሞተር ይመጣለታል፤ ከፍ ዝቅ ማለቱ ይሰማዋል፣ ምን እንደተባለ ግን አይለይም። ወፍጮ ቤት ውስጥ ችግር አልነበረም፤ እዚያ ድሮም ሰው የሚግባባው በእጅና በከንፈር ነው። ዓርብ ግን ከበደው። ድሮ በቃሉ የሚያውቃቸውን ዘፈኖች ብቻ እየመረጠ፣ በጆሮው ሳይሆን በልቡ እያዳመጠ መከራከር ጀመረ።

"አዲስ ዘፈን ጠላህ እንዴ?" ይለዋል ጀብሪል።

አራጌ ያልሰማውን ጥያቄ በሳቅ ያልፈዋል።

ለሰው አልተናገረም። "አገሩ ሁሉ ጆሮ ያለው እሱ ነው ይለኛል" ብሏል በኋላ ለጀብሪል። "ጆሮ የለኝም ብዬ በየትኛው አፌ ላውራ?"

የኔአለም ከሄደች ሃያ ሦስተኛ ወሯን በያዘችበት ሰሞን የሳምንቱ ጉዳይ "ቤት" ሆነ። መልእክቷ ሐሙስ ጠዋት ደረሰው። ከሌላው ጊዜ ይረዝማል። ወፍጮው ሳይነሳ፣ ጆንያዎቹ ላይ ተቀምጦ፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጠፈው። መጀመሪያ የሚያወራ ድምፅ መጣ፤ ከዚያ የሚዘፍን። ቃሉን ባይለይም ዜማውን ለየው። ብርሀንነሽ ልጇን ስታጥብ የምታንጎራጉረው ነበር። እንባው መጣ።

ነገ በዛች ፊት ይህን ቢያሰማ "የቱ ቃል ጋ ነው ያሸነፈችው?" ብለው እንደሚጠይቁት አሰበ። ስለዚህ መልሱን እዚያው ለብቻው በድምፁ ላከላት። "በጣም ጥሩ ነው ልጄ። በዚሁ ቀጥይ። ምንም እንዳትቀይሪ" አላት። ዓርብ ዕለት ለጓደኞቹ "በዚህ ሳምንት አልላከችም፤ ሥራ በዝቶባታል" ብሎ ዋሻቸው።

ከዚያ በኋላ ከየኔአለም ዘፈን አልመጣም። በወሩ "ሁለት ዓመት ጨምሬያለሁ" የሚል አጭር ጽሑፍ ላከች። አራጌ ትመጣለች ብሎ ቤቱን አስለስኖ፣ አዲስ ብርድ ልብስ ገዝቶ ነበር። ጽሑፉን ደጋግሞ አነበበውና ስልኩን ኪሱ ከተተ። እኔ ጋ መጥታ ምን ልታገኝ፣ የዱቄት ብናኝ? አለ በልቡ። መቅረቱን የፈለገችው ራሷ መሰለችው። ከዚያ ወዲህ የሚጻጻፉት "ደህና ነህ?" "ደህና ነኝ" ብቻ ሆነ።

አምስት ወር አለፈ። አንድ ዓርብ ጀብሪል በትንሿ ድምፅ ማጉያው ዘፈን እያሰማ ሳለ ባትሪው አልቆ መሃል ላይ ቀጥ አለ። ሻይ ቤቱ ጸጥ አለ። አራጌ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን መወዝወዙን ቀጠለ። ጀብሪልና በዛች ተያዩ። ቆይቶ ዓይኑን ገለጠና "መጨረሻው ላይ ነው ጉዱ" አለ። "እዚያ ጋ ነው የረታኸኝ።"

በዛች ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች። ጀብሪል "እውነትህን ነው" ብሎ እጁን መታ መታ አደረገው።

በማግስቱ ጀብሪል ወፍጮ ቤቱ መጣ። ጥቁር ጨርቅ ጭኑ ላይ ዘርግቶ በልብስ መቅደጃው ጠመኔ "ከመቼ ጀምሮ ነው?" ብሎ ጻፈ።

አራጌ አነበበው። ሄዶ ሞተሩን አጠፋና ተመልሶ አጠገቡ ተቀመጠ። "ካቻምና ክረምት ይመስለኛል" አለ። ከዚያ ስልኩን ከኪሱ አወጣ። "እስኪ የልጄን ንገረኝ። ምን ምን እንዳለች አላውቅም።"

ጀብሪል ከበዛች የደብተር ወረቀትና እስክሪብቶ አስመጣ። መልእክቶቹን ከሩቁ ጀምሮ እየሰማ አንድ በአንድ ይጽፍለት ጀመር። አራጌ በትከሻው በኩል እያነበበ አንዳንዴ ፈገግ ይላል። ስለ ሠርግ ያመጣችውን ዘፈን ሲያነብ "ይሄንን እኔ ነበርኩ የማሸንፋት" አለ። በመጨረሻ "ቤት" ወደተባለው ሳምንት ደረሱ። ጀብሪል ጥቂት ሰምቶ መጻፉን ተወ። እስከ ዳር አዳመጠው። ከሥሩ የነበረውን የአራጌን መልስም ከፍቶ ሰማ።

"ጻፍ እንጂ" አለ አራጌ።

ጀብሪል እስክሪብቶውን ይዞ ቀረ። ስለ ዘፈኑ ብቻ ነው የምታወራው ብሎ ሊያልፈው አስቦ እንደነበር በኋላ ለበዛች ነግሯታል። አራጌ ግን ፊቱን አይቶ ነበር። "ምንም ቢሆን ጻፍ" አለው።

ጻፈለት።

"አባዬ፣ ዘፈኑን ሳልጀምር አንድ ነገር ልንገርህ። ኮንትራቴ በሚመጣው ወር ያልቃል። ማዳም ሁለት ዓመት ጨምሪ ብላ ወረቀቱን አምጥታለች። እኔ ግን ወገቤን እያመመኝ ነው፣ ደክሞኛል። ባዶ እጄን መምጣት አሳፍሮኝ እንጂ ቤቴ ናፍቆኛል። ነይ ካልከኝ አልፈርምም። ቀጥይ ካልከኝ እቀጥላለሁ። አንተ ያልከኝን ነው የማደርገው። ዘፈኔ ይሄ ነው፦

ጤዛውን ረግጬ ስመጣ ማለዳ፣
በሩን አላንኳኳም፣ መች ሆንኩና እንግዳ።"

አራጌ ሁለት ጊዜ አነበበው። ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ሦስተኛ ሊጀምር ሲል ወረቀቱን አስቀመጠ። "በዚሁ ቀጥይ ነው ያልኳት" አለ። "ምንም እንዳትቀይሪ አልኳት።"

ጀብሪል እጁን ያዘው። "አብሽር አራጌ። አልሰማህም እኮ።"

አራጌ ይህንንም አልሰማም። እህል ይዘው ወረፋ የሚጠብቁ ሴቶች ከውጭ ቆመው ያዩ ነበር፤ አንዷ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቀስ ብላ ከወረፋው ወጣች። ሰው የሞተ መስሏት ነበር።

የዚያኑ ዕለት ጀብሪል ለየኔአለም ሁሉንም በድምፁ ነገራት፤ አራጌም ከሥሩ "ነይ ልጄ" ብሎ ጻፈ። መልሷ የመጣው በስምንተኛው ቀን ነው፤ በጽሑፍ።

"አባዬ፣ ጆሮህ እንዲህ መሆኑን ማን ነገረኝ? እኔ እኮ እንድመጣ አልፈለገም፣ ሸክም ሆኜበታለሁ ብዬ ሦስት ቀን አልቅሼ ነው የፈረምኩት። ዘፈን መላክም የተውኩት ለዚያ ነው። አሁን ማዳም ደማም የሚባል ከተማ ልጇ ቤት ልካኛለች። ፓስፖርቴ እነሱ ጋ ነው፤ ሳልጨርስ አይለቁኝም። አልተቀየምኩህም። ሐኪም ቤት ሂድ።"

ሄደ። ጀብሪል ሱቁን ዘግቶ አብሮት ተሳፈረ፤ አቀስታ ላይ ብርዱ ሲጠና ጃኬቱን አልብሶት ደሴ አደረሰው። ሐኪሙ በጆሮ ማዳመጫ ሁለቱን ጆሮዎቹን እያፈራረቀ ሲመረምረው ቆየና፣ የብዙ ዓመት የሞተር ጩኸት ነርቩን እንደገደለው ለጀብሪል አስረዳው። መሣሪያ ቢገጠምለት ድምፁ ይጎላ ይሆናል፤ ቃሉ ግን አይጠራለትም። አራጌ ጀብሪል የጻፈለትን አንብቦ ራሱን ነቀነቀ፤ ሐኪሙን አመስግኖ ወጣ።

ክርክሩን ጀብሪል ሊያስቀጥለው ሞክሮ ነበር። የአንዱን ዘፈን ግጥም በትልልቅ ፊደል ጽፎ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋለት። አራጌ በደንብ አነበበው፣ ወረቀቱን አጥፎ መለሰለትና "ተወው ወንድሜ" አለ። በዛችም ዳግም አላነሳችውም። ዓርብ ሲመጣ ሁለቱ ሰዎች ሻያቸውን ጠጥተው ወደየሥራቸው ይመለሳሉ።

ወፍጮውን አልተወም። ድንጋዩ መደነዙን ከወለሉ መንቀጥቀጥ ያውቀዋል። ለልጁ በየቀኑ ይጽፍላታል፤ የዝናቡን ነገር፣ የጎረቤቱን ነገር፣ የገብሱን ዋጋ። እሷ የምትመልሰው ዓርብ ዓርብ ነው፤ ስልክ የሚፈቀድላት ያኔ ብቻ ነው። ስለ ወገቧ ሲጠይቃት ለዚያ ጥያቄ መልስ አትሰጥም። ኮንትራቱ ሊያልቅ ስምንት ወር ይቀረዋል።

ባለፈው ሳምንት ኔትወርኩ ደህና ሆኖ በቪዲዮ ደወለች። አራጌ ሻይ ቤቱ ውስጥ ነበር። ከስታለች፤ ጉንጯ ገብቷል። አንድ ነገር ተናገረች። ከንፈሯን ለማንበብ ስልኩን አስጠግቶ አፈጠጠ፣ ምስሉ ግን እየተቆራረጠ አልሆነለትም። ወደ በዛች ቀና አለ።

"ምን አለች?"

በዛች ከንፈሯን እያጎላች "አባዬ ምሳ በልቷል ወይ ነው የምትለው ጋሼ" አለችው።

"በልቷል በያት" አለ። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰም ነበር።