ጾምና ባዶ ሆድ

ጥሩብርሃን አበረ ሥራ ከመጀመሯ በፊት ጣቶቿን ታሞቃለች። ደብረ ማርቆስ ጧት ይበርዳል፤ ቀዝቃዛ ጣት አገጩ ሥር የገባበት በሽተኛ ይደነግጣል፣ የደነገጠ ደግሞ ማደንዘዣውን፣ ኤተሩን፣ እየታገለ ነው የሚተኛው። መሣሪያ መቀቀያው ምድጃ ያለው በሌላ ክፍል ነው፤ ኤተር ባለበት እሳት አይቀርብም። እዚያ ቆማ እጇን አሙቃ ትመለሳለች።

የይጁቤ ልጅ ናት። ክሊኒኩ የገባችው ጨርቅ አጣቢ ሆና ነው፤ በኋላ ቁስል ማጠብና ማሸግ፣ ድሬሰርነት፣ ተማረች፣ ቀጥሎ ማደንዘዣ መስጠት ለመደች። ያኔ፣ በሃምሳዎቹ መጨረሻ፣ ከከተማው ዳር በነበረችው ትንሽ ክሊኒክ ማደንዘዣ ማለት አንድ ጠርሙስ ኤተር፣ በሻሽ የተሸፈነ የሽቦ ጭምብልና ጥሩብርሃን ነበሩ። ሻሹ ላይ ጠብ ጠብ ታደርጋለች፤ ዓይኗ ከበሽተኛው ከንፈር አይነሳም። ከንፈር ጠቆረ ማለት አየር አነሰ ማለት ነው፤ አየር ሲያንስ ቀድሞ የሚጎዳው አእምሮ ነው።

«ማስተኛትማ ጠላም ያስተኛል፤» ትላለች። «የእኔ ሥራ እንደነበሩ መመለስ ነው።»

የደብረ ኤልያሱ የቅኔ መምህር መሪጌታ ውበቱ የፈሩትም እንደነበሩ አለመመለስን ነበር። ቡአ ወጥቶባቸው ማኅሌት መቆም ቢያቅታቸው ከባለቤታቸው ከወይዘሮ የብርጓል ጋር በበቅሎ መጡ። ለቢላዋው ግድ አልነበራቸውም።

«ሆዴን እንደወደዳችሁ ቅደዱት፤» አሉና ግንባራቸውን ነካ አደረጉ። «መጽሐፌ ያለው ግን እዚህ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ያጠራቀምሁትን ይህ ጠርሙስ ቢያጥብብኝ ምን ይዤ ተማሪ ፊት እቀመጣለሁ?»

«አያጥበውም፣ የኔታ። ራስዎ ሥር ተቀምጬ እጠብቃለሁ።»

«ሽታውስ?»

ሽታው ክፉ መሆኑን አልካደችም። ልባቸውን ለማሳረፍ ብላ የክሊኒኩ ፈረንጅ ሐኪም ከመጽሔት አንብቦ የነገራትን አጫወተቻቸው። በምንተነፍሰው አየር ውስጥ ቅንጣት ታህል የተቀላቀለ፣ ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ አለ። ተለይቶ በብዛት ሲሰጥ ያስተኛል፤ በውጭ አገር ተሞክሯል። ለይቶ ማውጣቱ ከባድ ስለሆነ እኛ ዘንድ አልደረሰም። ዜኖን ይሉታል፤ በግሪክ ቋንቋ እንግዳ ማለት ነው፤ ከሌላው ጋር እምብዛም አይዋሐድም።

«የማይዋሐድ ከሆነ ከእኛ ሃይማኖት አይደለም፤» አሉ መሪጌታ። «ግን ለካ አየሩ ነው፤ ተማሪዎቼ ከጧት ጀምሮ የሚያንቀላፉት።»

ያ ጋዝ አእምሮን ከጉዳት ይጠብቅ እንደሆነ ሐኪሞች መመርመር የጀመሩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። መሪጌታን የያዛቸው ግን ስሙ ነበር። ትንሽ አጉረመረሙና ወደ ባለቤታቸው ዞሩ።

«የብርጓል፣ ይህችን ስንኝ ያዥልኝ። ቤቴን ለእንግዳ ሰው ለቅቄ ስተኛ።»

«ቀሪውስ?»

«ቀሪውን እኔው ይዤው እተኛለሁ። ስነቃ ካጣሁት ወስደውብኛል ማለት ነው።»

«በሉ እንግዲህ፣ ነገ ጾመው ይምጡ፤» አለች ጥሩብርሃን።

ጊዜው በዓለ ሃምሳ ነበር፤ ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት። መሪጌታ ልጅቱን በሰው ፊት ማረም አልወደዱም።

በማግሥቱ ጠረጴዛው ላይ ተጋደሙ። ሐኪሙ ታጥቦ ጓንቱን አጥልቋል።

«ጾመዋል፣ የኔታ?»

«የሚገባኝን ያህል።»

ጭምብሉን አነሳች፤ ጠርሙሱን ስትከፍት እጇ ቆመ። ያደገችው ደብር አጠገብ ነው፤ የቅኔ ሰው በአንድ ቃል ሁለት ነገር እንደሚያኖር ታውቃለች።

«ዛሬ የሚገባዎት ስንት ነው?»

«ምንም። በዓለ ሃምሳ አይደለም እንዴ?»

ጠርሙሱን ከድና ወደ በሩ ሄደች። «እሜቴ የብርጓል፣ የኔታ ዛሬ ጧት ምን ቀመሱ?»

«ፍትፍት በቅቤ፣ ከአይብ ጋር። ታዲያ በረኃብ ይቀደዱ?»

ሙሉ ሆድ በኤተር ይገለበጣል፤ ምግቡ ወደ ሳንባ ከገባ ትንፋሽ ይዘጋል። ሐኪሙ ነገሩ ሲነገረው ጓንቱን አወለቀ። «ነገ፤» ብሎ ወጣ።

መሪጌታ ተነሥተው ተቀመጡ። «ለምን ጹም አልሽኝ? ሕግ ልታስሽሪኝ?»

«ባዶ ሆድ ማለቴ ነው።»

«አላልሽም።»

«አላልሁም። አሁን ልበል፦ ከእራት በኋላ እህልም ውኃም አፍዎ አይግባ።» ከዚያ ቀን ወዲህ ለማንም በሽተኛ እንዲህ እያለች ነው የተናገረችው፤ ጾም የሚለውን ቃል ለቄሶች ተወችው።

መሪጌታ አሰብ አደረጉ። «መራብ ብቻ ከሆነ ሕግ አልተሻረም። ተማሪ ሳለሁ ስራብ ነው የኖርሁት፤ ጾም ብሎ የቆጠረልኝ የለም።»

በማግሥቱ ኤተሩን ጥቂት ታግለው ተኙ። መሐል ላይ ከንፈራቸው ጠቆር አለ። ጥሩብርሃን ጭምብሉን አንሥታ አገጫቸውን ወደ ፊት ሳበች፤ ትንፋሹ ተከፈተ፣ ከንፈራቸውም ወዲያው ቀላ። ሐኪሙ ሰፍቶ ጨረሰ።

ሲነቁ ባለቤታቸውን አዩ። «ታረቀ፣ በሩን ዝጋው፤» አሉ።

የብርጓል ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «ታረቀ ተማሪያቸው ነው።»

«ይቆዩ፣ ገና ነው። ኤተር መጀመሪያ ያዘባርቃል፤» አለች ጥሩብርሃን። ድምጿ የረጋ ነበር፤ የልብ ትርታቸውን የያዙት ጣቶቿ ግን ቀዝቅዘዋል። ያች የጠቆረች ከንፈር ከዓይኗ አልጠፋችም።

የብርጓል መታገሥ አልቻለችም። ጆሯቸው ላይ ጎንበስ ብላ፣ «ቤቴን ለእንግዳ ሰው ለቅቄ ስተኛ፤» አለች።

መሪጌታ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ተመልሰው አንቀላፉ። ጥሩብርሃን ወንበሯን ሳበችና ተቀመጠች፤ ለሌላ ሥራ ቢጠሯትም አልተነሣችም።

ፀሐዩ ከመስኮቱ ወደ አልጋው እግር ሲደርስ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።

«እንግዳ ያልሁት ሰው ሆነልኝ እረኛ።»

«ቀሪዋ ስንኝ!» ብላ የብርጓል መሬቱ ላይ ቁጭ አለች። መሪጌታ አንገታቸውን ወደ ጥሩብርሃን መለሱ።

«አፌ ደርቋል። ውኃ ስጭኝ።»

«ገና ነው፣ የኔታ።»

«በበዓለ ሃምሳ?»