ሳላውቀው አስታማሚ የሆንኩበት ቀን

ነገሩ የደረሰብኝ ባለፈው ሚያዝያ ነው። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልወጣው ሥራ ስላስመለጠኝ ብቻ አይደለም። ያን ቀን አንድ ነገር ተስዬ ለመንኩ፤ የለመንኩትም ሆነልኝ። ባይሆንልኝ ይሻለኝ ነበር እያልኩ እስካሁን አስባለሁ።

የምኖረው ደባርቅ ነው። ሥራዬ ተራራ ለሚወጡ ቱሪስቶች ምግብ ማብሰል ነው። እንግዳ ከጠፋ ቆይቶ ስለነበር፣ ተራራው ላይ ወዳለው የጨነቅ ካምፕ የሚሄዱ አራት ሰዎች ሲገኙ እንደ ልጅ ቦረቅሁ። መኪናው የሚነሳው ሰባት ሰዓት ነው። ከዚያ በፊት ሆስፒታል የተኛውን ጎረቤቴን ሰጠኝን ልጠይቅ ብዬ ሾርባ በፔርሙስ ይዤ ገባሁ። የሆስፒታሉ ስም ይቆየን።

በእኛ አገር የራስን ታማሚ ብቻ ጠይቆ መውጣት ነውር ነው። ስለዚህ በየአልጋው እየዞርኩ «እግዜር ይማርዎ» አልኩ። ጥግ ላይ የተኙት ከቡይት ራስ ወዲያ የመጡ አያ መኮንን የሚባሉ ገበሬ ነበሩ። ልጃቸው የሻረግ አጠገባቸው ተቀምጣለች።

«ወንድም ጋሼ፣ ይችን ካርድ ያዝልኝማ። መድኃኒት ገዝቼ መጣሁ፤ አባቴን አደራ» አለችና አንዲት ቢጫ ካርድ አስጨብጣኝ ወጣች።

አደራ ከተባለ ምን ይባላል? ተቀመጥኩ። ግማሽ ሰዓት አለፈ፤ የለችም። ካርዱን ለነርሷ ልሰጣት ብል «እኔ ምን ላድርገው?» ብላኝ አለፈች። ለጥበቃው ልተወው ብዬ ወደ በሩ ሄድኩ። ጥበቃው ይርጋ የሰፈሬ ልጅ ነው።

ካርዱን አይቶ በሩን ዘጋ። «ይሄ የአስታማሚ ካርድ ነው። ሽማግሌው ውጡ ከተባሉ ሦስት ቀናቸው፤ ሂሳባቸው ግን አልተከፈለም። ሂሳቡ ሳይዘጋ ካርዱን የያዘ ሰው አይወጣም።»

«ይርጋ፣ ታውቀኝ የለ? የእኔ ታማሚ እኮ ሰጠኝ ነው!»

«አውቅሃለሁ። አምናም አንዱን አውቀዋለሁ ብዬ ባሳልፈው ከደሞዜ ተቆረጠ። አሁን ማንንም አላውቅም።»

«ልጅቱን ታዲያ እንዴት አስወጣሃት?»

«ተተኪ መጥቶልኛል አለች። ይኸው መጥተሃል።»

ተመልሼ ገባሁ። ቅድም የመረቁኝ ሁሉ ካርዱን ሲያዩ ፊታቸውን አዞሩ፤ እኔም ለማን ላስረክበው እያልኩ ሳማትር ሳያውቁብኝ አልቀረም። ሰጠኝ እንኳ ሾርባዬን ጠጥቶ ሲያበቃ ብርድ ልብሱን ተከናነበ። ካርዱ ላይ የተጻፈው የልጅቱ ስልክ ዝግ ነው። ሰባት ሰዓት ላይ አስጎብኚው ደውሎ ሌላ ሰው ይዞ መሄዱን ነገረኝ። ግቢው ጠበበኝ፤ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም።

ንዴቴን ሽማግሌው ላይ ልወጣው አልጋቸው ዘንድ ሄድኩ። «አያ መኮንን፣ ልጅዎ የት ነው የሄደችው?»

«አትመጣም» አሉኝ ረጋ ብለው። «እኔ ነኝ ካርዱን ለጠያቂ አስይዘሽ ሂጅ ያልኋት። አንተ የከተማ ሰው ነህ፣ መውጫ አታጣም። እሷ እዚህ ከከረመች ጨንቋት በሬውን ትሸጠዋለች። ከጎረቤት ጋር አቀናጅተን የምናርስበት አንድ በሬ ነው ያለን፤ ክረምቱ ደግሞ ደርሷል።»

«የጤና መድን አልነበራችሁም?»

«ነበረነ። አምና ግን ዓመቱን ሙሉ ከቤታችን አንድ ሰው ሳይታመም ከረመ። ገንዘባችን በከንቱ ተበላ አልሁና ዘንድሮ ተውሁት።»

ተነስቼ ወጣሁ። ውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጬ «ልጅቱን ብቻ መልስልኝ» ብዬ ለጊዮርጊስ ጧፍ ተሳልኩ።

አሥር ሰዓት ላይ የሻረግ መጣች። የነጠላዋ ጫፍ ተቋጥሯል። ዘልዬ ላቅፋት ስል አባቷ ከውስጥ ድምጿን ሰሙ። የጠየቋት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ለማን ሸጥሽው?»

ለካ ወንድሟ ከማለዳው በሬውን ገበያ አውርዶት ኖሯል። «ለሥጋ ቤት» አለች፤ ድምጿ አይሰማም። ለሚያርስበት ሰው ቢሸጥ እንኳ ይሻላቸው ነበር መሰለኝ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሂሳቡ ተከፈለ፤ ይርጋ ካርዱን ተቀብሎ በሩን ከፈተልን። አያ መኮንን በልጃቸው ተደግፈው ሲያልፉ «ይቅር በለኝ ልጄ፣ ሥራ አስፈታሁህ» አሉኝ። ይቅርታ መጠየቅ የነበረብኝስ እኔ ነበርኩ። እንድትመጣ የተሳልኩት እኔ ነኝ።

ቤቴ እንደገባሁ የጤና መድን ደብተራችንን ከሳጥን አወጣሁ። አልታደሰም። እኛም ቤት አምና የታመመ አልነበረም፤ እኔም እንደሳቸው በከንቱ ተበላ ብዬ ትቼው ነበር። ሰኞ ላሳድስ ብሄድ ምዝገባው እህል ከተሰበሰበ በኋላ ነው አሉኝ።

አሁን ክረምት ነው። ትንሿ ልጄ ባሳለች ቁጥር ቤት ውስጥ የሚሸጥ ምን እንዳለ ዞር ዞር ብዬ አያለሁ። ከማበስልባቸው ድስቶች በቀር ምንም የለም።