በባቄላ የሰፋ ጫማ

በስድሳ ስድስቱ ረሀብ፣ ክረምት ላይ ነው። አንድ ሰው የእርዳታ እህል በሞተር ብስክሌት ጭኖ ከከላላ መጣ። መካነ ሰላም ገበያ ጥግ አሮጌ ከስክስ ጫማ የምትሸጠው ሸዋረግ ከሩቅ አየችው፤ ድንጋያማውን ዳገት ሳይቀመጥ፣ መርገጫው ላይ ቆሞ ነበር የሚወጣው።

ጫማ ሲመርጥ አይቸኩልም። ሶሉን አጠፈ፣ ቁርጭምጭሚት የሚይዘውን ቆዳ በአውራ ጣቱ ተጫነ፣ ስፌቱን በጥፍሩ ሞከረ። የወደደው ግን ጠበበው። ከጫነው ከረጢት ባቄላ ዘገነላት።

«ይህን ዘፍዝፈሽ ጠቅጥቂበትና ይደር። ሲያብጥ ቆዳው ይሰፋል።»

«ጌታዬ፣ ሰው በጠኔ እየረገፈ?»

«እግሬ ካልተመቸው እህሉን ማን ያደርሰዋል?»

በማግስቱ ያበጠውን ባቄላ ጭቃው ላይ ደፋና ጫማውን አጥልቆ ረገጠው። ግድግዳው ሥር የተኮለኮሉት ረሀብተኞች ያዩታል። ጫማው ውስጥ የቀረች አንዲት ፍሬ ቆረቆረችው። አውጥቶ እፍ አላትና ወደ አፉ ላካት፤ ሲያላምጥ ፍርፋሪ እንዳይወድቅበት መዳፉን አገጩ ሥር ዘረጋ።

ሸዋረግ እስከዚያ የተጸየፈችው ረሀብን የማያውቅ ጥጋበኛ መስሏት ነበር። መዳፉን አይታ እንደሚያውቀው ስትረዳ ግን ምራቋን እንትፍ አለች።